የቅድስት ጆሴፊን ባኪታ በዓል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በየዓመቱ ፌብሩዋሪ ሲቃረብ ስለዚህ በዓል የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው፤ ለብቻው ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የተጻፉት።

ቅድስት ጆሴፊን ባኪታ ማን ናት?

በ1869 ገደማ ዳርፉር ውስጥ፣ ኦልጎሳ በምትባል መንደር የተወለደች ሱዳናዊት ናት። ልጅ ሳለች ባሪያ ፈንጋዮች ሰረቋት። ከእጅ ወደ እጅ ስትሸጥ ቆይታ መጨረሻ ላይ ጣልያን ገባች። እዚያ ነፃነቷን አገኘች፣ ተጠመቀች፣ የካኖሳ ደናግል ማኅበር ገብታ መነኮሰች።

ከ1902 ጀምሮ አብዛኛውን ዕድሜዋን ያሳለፈችው ስኪዮ በምትባል የሰሜን ጣልያን ከተማ ነው። ወጥ ትሠራ ነበር። ትጠልፍ ነበር። የቤተ መቅደሱን ዕቃ ታሰናዳ ነበር። በኋላም የገዳሙን በር ትከፍትና እንግዳ ትቀበል ነበር። የከተማው ሰው የሚያስታውሳት በሩ ላይ ባለው ድምጿና በልጆች ራስ ላይ በምታሳርፈው እጇ ነው።

በዓሏ መቼ ነው? ለምን ያ ቀን ተመረጠ?

ፌብሩዋሪ 8። በ1947 ያረፈችበት ቀን ነው። ቤተ ክርስቲያን ቅዱሳንን አብዛኛውን ጊዜ የምታስበው በልደታቸው ሳይሆን በዕረፍታቸው ቀን ነው። ባኪታን በተመለከተ ደግሞ ሌላ ምርጫም አልነበረም። የተወለደችበትን ቀን እሷ ራሷ አታውቀውም ነበር።

በእኛ አቆጣጠር ስንት ቀን ይውላል?

ብዙ ጊዜ የካቲት 1 ነው። በአራት ዓመት አንዴ ግን፣ ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆና ካለፈች በኋላ በሚገባው ዘመነ ዮሐንስ፣ ጥር 30 ይውላል። በእኛ 2016 ዓ.ም. እንደዚያ ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉ። «ፌብሩዋሪ»ን በደፈናው «የካቲት» ብሎ መተርጎም የተለመደ ነው። ስለዚህ «የካቲት 8» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ቁምስናው ደውላችሁ አረጋግጡ። አለዚያ ሳምንት ዘግይታችሁ ትደርሳላችሁ።

«ባኪታ» እውነተኛ ስሟ ነው?

አይደለም። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ከጓደኛዋ ጋር ከመንደሯ ወጣ ብላ ሳለ ሁለት ሰዎች መጡ። ትልቋን ልጅ ሸኟት። ትንሿን ግን ጫካው ጋ የተረሳ ዕቃ አለ፣ አምጪልን ብለው ላኳት። ተከትለዋት ገቡና ጩቤ አወጡ። ስምሽ ማን ነው ሲሏት ከድንጋጤ የተነሳ አንደበቷ ተሳሰረ። በዚያን ጊዜ ነው ባኪታ ያሏት። በዐረብኛ «ዕድለኛዋ» ማለት ነው። እናቷ ያወጣችላት ስም ከዚያ በኋላ ትዝ አላላትም። እስክትሞት ድረስ አልተመለሰላትም።

ስትጠመቅ ከተሰጧት ስሞች አንዱ ፎርቱናታ ነው። እሱም በላቲን ያው «ዕድለኛዋ» ነው። ፈንጋዮቹ ያወጡላትን ስም አልጣለችውም፤ በጥምቀት አስባረከችው። እኔን ከታሪኳ ሁሉ አብልጦ የሚነካኝ ይሄ ነው። አረብ አገር ሠርተው የመጡ እህቶች ያሏችሁ ይገባችኋል። ፓስፖርት ላይ ሌላ ስም ተጽፎላት፣ ማዳሟ ደግሞ ለጥሪ የሚቀላትን አውጥታላት፣ ዓመታት በሰው ስም የኖረች ስንት አለች! አገሯ ገብታ በስሟ ሲጠሯት ቶሎ ዘወር የማትል አለች።

ከባርነት እንዴት ወጣች? ገዝቶ ነፃ ያወጣት ሰው አለ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በ1883 ካሊስቶ ለኛኒ የሚባል በካርቱም የጣልያን ምክትል ቆንስል ገዛት። ደግ ሰው ነበር፤ እሱ ቤት ጅራፍ አልቀመሰችም። ከዚያ በፊት የነበረችበት የአንድ ቱርክ የጦር መኮንን ቤት ግን ሌላ ነበር። የቤቱ እመቤት ትእዛዝ ሰጥታ ደረቷን፣ ሆዷንና ቀኝ ክንዷን አስነቀሰቻት። መጀመሪያ በነጭ ዱቄት ቅርጹ ይሳላል። ከዚያ በምላጭ ይተለተላል። በመጨረሻ ጠባሳው እንዳይጠፋ ቁስሉ ውስጥ ጨው ይታሻል። 114 ቦታ ነው የተቆረጠችው።

ለኛኒ የመሐዲ ጦር ካርቱምን ሲያሰጋ ከተማዋን ለቆ ወጣ፤ እሷም አብሬህ ልሂድ ብላ ለመነችው። በ1885 ከሱዋኪን ወደብ በመርከብ ተሳፍረው ጄኖቫ ደረሱ። እዚያ ግን ለቱሪና ሚኪየሊ፣ ለወዳጁ ሚስት፣ በስጦታ ሰጣት። አዎ፣ በስጦታ! አውሮፓ ገብታም የሰው ንብረት ነበረች። በቬኔቶ ገጠር የቤተሰቡ ሕፃን ሞግዚት ሆነች።

ነፃ የወጣችው በራሷ አፍ «አልሄድም» ባለች ቀን ነው። እመቤቷ ወደ ሱዋኪን ስትሄድ ባኪታንና ልጅቷን ቬኒስ ባሉት የካኖሳ ደናግል ዘንድ ትታቸው ነበር። ባኪታ እዚያ ትምህርተ ክርስቶስ ጀመረች። እመቤቷ ተመልሳ «ነይ እንሂድ» ስትላት እንቢ አለች። እመቤቷን ትወዳታለች። ልጅቷን አቅፋ ያሳደገቻት እሷ ናት። ግን አልሄደችም። ጉዳዩ ባለሥልጣናት ዘንድ ደረሰ፤ የቬኒስ ካርዲናልም ገቡበት። ኖቬምበር 29 ቀን 1889 ፍርድ ተሰጠ፤ የጣልያን ሕግ ባርነትን ስለማያውቅ ባኪታ የማንም ንብረት አይደለችም ተባለ። ወዴት መሄድ ትፈልጊያለሽ ተብላ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠየቀች። እዚሁ እቀራለሁ አለች። ጃንዋሪ 9 ቀን 1890 ተጠመቀች። ከዚያ በኋላ ያንን የጥምቀት ገንዳ ስትስመው ያዩዋት ነበር። «እዚህ ነው የእግዚአብሔር ልጅ የሆንኩት» ትል ነበር።

ቅድስናዋ የታወጀው መቼ ነው?

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ሜይ 17 ቀን 1992 ብፅዕናዋን፣ ኦክቶበር 1 ቀን 2000 ደግሞ ቅድስናዋን አወጁ።

በዕለቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምን ይደረጋል? መሄድ ግዴታ ነው?

ግዴታ አይደለም። በላቲን ሥርዓት የቀን መቁጠሪያ ላይ በዓሏ በፈቃድ የሚታሰብ መታሰቢያ ነው። ካህኑ ከፈለገ የእሷን ጸሎት ይጸልያል፣ ካልፈለገ የዕለቱን ይቀድሳል። በዚያው ቀን የሚታሰብ ሌላ ቅዱስም አለ፤ ለተጣሉ ልጆችና ለሙት ልጆች የኖረው ጄሮላሞ ኤሚሊያኒ። ሁለቱ በአንድ ቀን መዋላቸው ደስ ይለኛል። የተሰረቀች ልጅና የልጆች አባት።

የካህኑ ልብስ ነጭ ነው። ቀይ የሰማዕታት ነው፤ ባኪታ ደግሞ ሰማዕት አይደለችም፣ አልጋዋ ላይ ነው ያረፈችው። ጾም የለውም። ቀኑ እሑድ ላይ ከዋለ የእሑዱ ቅዳሴ ይቀድማል፤ የእሷ መታሰቢያ ለዚያ ዓመት ይቀራል። ቢሆንም በምእመናን ጸሎት ላይ ስሟን መጥራትና ለተሸጡ ሰዎች መጸለይ የሚከለክል የለም።

የሰዎች ዝውውርን የሚመለከተው የጸሎት ቀን ከእሷ ጋር እንዴት ተገናኘ?

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በሰዎች መነገድን የሚቃወም ዓለም አቀፍ የጸሎትና የግንዛቤ ቀን እንዲኖር ሲፈልጉ የመረጡት በዓሏን ነው። የመጀመሪያው ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2015 ተከበረ። እሑድ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በብዙ አገር የሻማ ጸሎት፣ የእግር ጉዞና የምስክርነት ዝግጅት ይደረጋል። ተርፈው የወጡ ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው የደረሰባቸውን ይናገራሉ። ከስብከቱ ይልቅ እሱን ብታዳምጡ እመርጣለሁ።

ዝግጅቱን የሚያስተባብረው በ2009 የተቋቋመው «ታሊታ ኩም» የሚባለው የደናግል መረብ ነው። ስሙ የተወሰደው ጌታ የኢያኢሮስን ልጅ ከሞት ሲያስነሳት ከተናገረው ቃል ነው፤ በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ጣሊታ ቁሚ» ተብሎ የተጻፈው። ለሌላው ዓለም ትርጉም ያስፈልገዋል። ለእኛ ግን «ቁሚ» ያው «ቁሚ» ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይከበራል?

እንደ ሀገረ ስብከቱ ነው። አዲስ አበባ፣ ዓዲግራት፣ እምድብርና ባሕር ዳር ደሴ በግዕዝ ሥርዓት ስለሚቀድሱ የራሳቸው የበዓላት አቆጣጠር አላቸው። እንደ ሐዋሳ፣ ሶዶ፣ መቂ፣ ነቀምቴና ሐረር ያሉት የላቲን ሥርዓት ስለሚከተሉ መታሰቢያው ከቅዳሴያቸው ጋር ይገጥማል። የጸሎት ቀኑ ግን ለመላዋ ቤተ ክርስቲያን የታወጀ ስለሆነ ሥርዓት አይለይም።

ቁምስናችሁ ምንም ካላዘጋጀ ቆሞሱን ጠይቁ። አንድ የመቁጠሪያ ጸሎት ከቅዳሴ በኋላ ማድረግ ብዙ ዝግጅት አይጠይቅም። ከየቁምስናው ልጁን ለደላላ የሰጠ ቤተሰብ አይጠፋም። ባርነትም ለእኛ የሌላ አገር ታሪክ አይደለም፤ በአገራችን ባርነትን የሻረው አዋጅ የወጣው በ1942 ነው፣ ባኪታ በሕይወት እያለች።

አረብ አገር ነው የምሠራው፣ ከቤት መውጣት አይፈቀድልኝም። እንዴት ላክብረው?

ባለሽበት። ዱባይና ኩዌት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ዕረፍት ካለሽና መሄድ ከቻልሽ ጥሩ። ሳውዲ ግን ቤተ ክርስቲያን የለም። ሻማ ማብራትም በሰው ቤት አይሆንም፤ ማንም አይፈርድብሽም። ማታ ሥራው አልቆ በርሽን ስትዘጊ «አባታችን ሆይ»ን ድገሚ፣ ከዚያ ስምሽን በትክክለኛው አጠራር ጥሪና «እኔ እገሌ ነኝ» በይ። ይሄ በየትኛውም የጸሎት መጽሐፍ ላይ የለም፣ ከእኔ ነው። ግን ስሟን ላጣች ቅድስት በዓል የሚስማማ ይመስለኛል።

ደመወዝሽን ከከለከሉሽ፣ ፓስፖርትሽን ከቀሙሽ፣ እጃቸውን ካነሱብሽ፣ በዓሉ «ቻይው» የሚልሽ እንዳይመስልሽ። ለምታምኚው ሰው ንገሪ። የአሠሪዎችሽን ስም፣ የሰፈሩንና የሕንፃውን ምልክት አገር ቤት ላለ ሰው በድምፅ መልእክት ላኪ። ኤምባሲው ያለበትን ከተማና ስልኩን በልብሽ ያዢ፤ ስልክሽ ሊወሰድ ይችላል።

ሥዕሏን የት አገኛለሁ? ትክክለኛ መልኳ ነው?

በፎቶ ዘመን ስለኖረች ፎቶዎች አሏት፤ ብዙዎቹ ሥዕሎች የተሠሩት ከእነዚያ ነው። ጥቁር የማኅበሩን ልብስ ለብሳ፣ ደረቷ ላይ ትልቅ ሜዳሊያ አንጠልጥላ የምትታየው እሷ ናት። ሰንሰለት ስትበጥስ የሚያሳዩ ሥዕሎችም አሉ። ያምራሉ፣ ግን ምሳሌ ናቸው። እኔ ፎቶውን እመርጣለሁ። ዓይኖቿን ለማየት።

ስኪዮ ድረስ መሄድ ይቻላል?

ይቻላል። ቪቼንሳ አውራጃ ውስጥ ነው። ዐፅሟ የሚገኘው በካኖሳ ደናግል ገዳም፣ በቅድስት ቤተሰብ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሰሜን ጣልያን የምትኖሩ የእኛ ሰዎች በአንድ ቀን ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ። ለበዓሉ ሰሞን የሚሄድ ሰው ካፖርት አይርሳ።

ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ወይም ፕሮቴስታንት ነኝ። ጸሎቱ ላይ መገኘት እችላለሁ?

መገኘት ትችላላችሁ። ባኪታ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቅድስት ናት፤ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ስንክሳር ውስጥ የለችም። ካቶሊክ ያልሆነ ሰው ቅዱስ ቁርባኑን አይቀበልም እንጂ ቁጭ ብሎ መጸለይ ይችላል። የሻማ ጸሎቱና የእግር ጉዞውማ ለሁሉም ነው። እምነታችሁ ስለ ቅዱሳን አማላጅነት ሌላ ካለ፣ ለተሸጡት ሰዎች በራሳችሁ መንገድ ጸልዩ።

እግዚአብሔርን «ጌታዬ» ስትለው የባርነት ቋንቋ አይደለም?

ጥሩ ጥያቄ ነው። በስተርጅና ታማ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሳለች እንዴት ነሽ ሲሏት «ጌታው እንደፈለገ» ትል ነበር። በቬኔቶ አነጋገር «ፓሮን» ነው ያለችው፤ የቤት ጌታ፣ የንብረት ባለቤት። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤነዲክቶስ 16ኛ በ2007 ስለ ተስፋ በጻፉት መልእክት መግቢያ ላይ የእሷን ታሪክ ያነሡት በዚሁ ቃል የተነሳ ነው። እስከዚያ ያወቀቻቸው ጌቶች የሚገርፉ፣ ሲሻል ደግሞ እንደ ጠቃሚ ዕቃ የሚቆጥሯት ነበሩ። ከዚያ ከሁሉም ጌቶች በላይ የሆነ፣ እሷን በስሟ የሚያውቅ፣ ራሱም የተገረፈ ጌታ እንዳለ ሰማች። ጌታ የሚለውን ቃል ከገዟት ሰዎች ነጥቃ ለእሱ ሰጠችው።

አማርኛችንም ይህን ያውቀዋል። «እመቤት» የምንለው ሠራተኛ የምታዘውን ሴት ነው። ድንግል ማርያምንም «እመቤታችን» እንላለን።

የሰረቋትን ሰዎች ባገኛቸው እጃቸውን እስም ነበር ብላለች ይባላል። ታዲያ ባርነቱ ጥሩ ነበር ማለት ነው?

ከእሷ የሚጠቀሰው ቃል እንደዚህ ነው፦ ያ ባይደርስባት ክርስቲያንና መነኩሲት ስለማትሆን ፈንጋዮቿን ብታገኝ ተንበርክካ እጃቸውን ትስም ነበር። ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ ይቆጣል። መቆጣቱ ትክክል ነው፣ በተለይ ቃሉ ለሌላ ተበዳይ እንደ ምክር ሲሰጥ። እሷ ስለ ራሷ ሕይወት የተናገረችውን ወስዶ ከማዳም ቤት አምልጣ ለመጣች ልጅ «አንቺም እጃቸውን ሳሚ» ማለት ጭካኔ ነው። እግዚአብሔር ከክፉ ነገር ውስጥ መልካም ማውጣቱ ክፉውን መልካም አያደርገውም።

ደግሞም ያደረገችውን ተመልከቱ። ይቅር ብላለች፣ ግን አልተመለሰችም። እመቤቷን እየወደደች «አልሄድም» አለች፣ ባለሥልጣን ፊት ቀረበች፣ ነፃነቷን በፍርድ አረጋገጠች። በዓሉ ላይ ስለ ይቅርታዋ የሚሰብክ ሰው ስለ «አልሄድም»ዋም ቢሰብክ ምን አለበት?

ይቅር ካለች ቁስሉ ድኗል ማለት አይደል?

114ቱ ጠባሳ ከልብሷ ሥር እስከ መጨረሻው ነበር። በልቧም እንደዚያው። ከተጠመቀች 57 ዓመት አልፏት፣ በደናግል እህቶቿ ተከባ አልጋ ላይ ሳለች፣ ትኩሳቱ ሲያቃዣት ወደ ልጅነቷ ተመለሰች። የምታስታምማትን መነኩሲት ሰንሰለቱን አላሉልኝ፣ ከበደኝ ብላ ለመነቻት።

ከዚያ ፊቷ በራ፣ ሁለት ጊዜም «እመቤታችን! እመቤታችን!» አለች። ከዚህ በኋላ ሌላ ቃል አልተናገረችም።